ነርሷ እኔ ሆኜ

እህትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የመጨረሻው ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሙያ ፈቃድ ፈተናዬን በምጠብቅበት ሳምንት ነበር። «ነርስ ስትሆኚ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ» ብለሽኝ ነበር። ምን እንደሚመስል ለራሴም ስላልገባኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

እንደምታውቂው ቀን እየተማርኩ ማታ በነርስ ረዳትነት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ፈቃዴን ስቀበል «ለአንቺማ ይቀልሻል» ያላለኝ ሰው አልነበረም። እኔም አመንኩ። በከፊል እውነት ነው፤ ደም አያስደነግጠኝም፣ የታማሚ ቁጣም አይሰብረኝም። ግን ያ ልምዴ መደበቂያም ሆነብኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠዋቱ መድኃኒት ሰዓት ደርሶ ስፈለግ የምገኘው አንሶላ ስቀይር ነበር። ደወል ሲጮህ ቀድሜ የምሮጠውም እኔ ነበርኩ። ላየኝ ሰው ትጉህ እመስላለሁ። አንሶላ ስቀይር ግን አልሳሳትም፤ ኢንሱሊን ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጣል። የድሮ ባልደረቦቼ «ነይ እስቲ፣ ታማሚዎቹን አብረን እናገላብጣቸው» ሲሉኝ እምቢ ማለት እነሱን መክዳት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የዋርዱ ኃላፊ ወደ ጎን ጠርታ፣ ሳትቆጣ፣ «አንሶላውን ሌላ ሰው ይቀይረዋል፤ የአንቺን መድኃኒት ግን ማንም አይሰጥልሽም» አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ተማሪ ሳለሁ መድኃኒት ስሰጥ ከጎኔ ነርስ ትቆም ነበር። የታማሚውን ስም፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የሚሰጥበትን መንገድና ሰዓቱን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እሷ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። በዚያ የራስ ንቅነቃ ምን ያህል ተደግፌ እንደኖርኩ ያወቅሁት ሲቀርብኝ ነው። አምስቱን አሁንም በአፌ እላቸዋለሁ። ኢንሱሊን ሲሆን ደግሞ ሌላ ነርስ ጠርቼ መጠኑን አሳያለሁ፤ አላፍርበትም።

አንድ ሌሊት ልንገርሽ። ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሁለተኛ ቀናቸውን የያዙ እናት ነበሩ። አመሻሹ ላይ ትንፋሻቸው በደቂቃ 18 ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ደረታቸውን እያየሁ ሙሉ ደቂቃ ስቆጥር 26 ሆነ። የደም ግፊታቸው ደህና ነው፣ ትኩሳትም የለም። እሳቸውም «ምንም አልሆንኩ፣ ልጄ» ይሉኛል። ረዳት ብሆን ቁጥሩን ጽፌ ለነርሷ ነግሬ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፍ ነበር። ታምኚኛለሽ? ነርሷን ፍለጋ ዞርኩ። ዞሬ ሳበቃ ነው ነርሷ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ።

ደግሜ ቆጠርኩ፤ 28። ተረኛዋን ሐኪም ቀስቅሼ ምንም ባይሆንስ እያልኩ ደወልኩ። ታማሚዋ ማን እንደሆኑ፣ መቼ ቀዶ ጥገና እንደተደረገላቸው፣ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳሰጋኝ በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ «አሁኑኑ መታየት አለባቸው» ብዬ ጨረስኩ። መጣች። ሳንባቸው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘና ሕክምናው በዚያው ሌሊት ተጀመረ። ጠዋት ርክክብ ላይ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ አልልሽም። በእረፍት ቀኔ እንኳ «ያንን መዝግቤዋለሁ ወይስ አልመዘገብኩም?» እያልኩ ከእንቅልፌ ባንናለሁ። ሁለት ጊዜ ዋርድ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መዝግቤዋለሁ።

አንቺስ? ስትጽፊልኝ የነርስነት ትምህርትሽን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀርሽ ነበር፤ አሁን ተቃርበሻል ማለት ነው። ምርጫ ከሰጡሽ በረዳትነት በሠራሽበት ዋርድ አትጀምሪ። እዚያ ሁሉም የሚያውቅሽ በድሮ ሥራሽ ነው፤ አንቺም ወደዚያው ትሳቢያለሽ። እኔ ሰዎቹን ስለምወድ እዚያው ቀረሁ፤ ዋጋውንም ከፈልኩ። ሌላ ዋርድ ባይገኝ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ወራት አብራሽ የምትሠራ ልምድ ያላት ነርስ እንዲመድቡልሽ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቂ።

ፈረቃዬ ሊገባ ነው፣ ልነሳ። እሁድ እረፍት ነኝ፤ ስልክሽን ክፈቺልኝ። ድምፅሽ ናፍቆኛል።

የአንቺው