የጦር ምስጢር በሲግናል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሲግናል በተባለው የስልክ መልእክት መላኪያ ላይ ቡድን ከፍተው የመንን ስለ መደብደብ ስለተነጋገሩበት ጉዳይ የሚጻፈው ሁሉ «ጋዜጠኛው እንዴት ገባ?» በሚለው ላይ መቅረቱ ቅር ስላሰኘኝ ይህን እጽፋለሁ። እርግጥ ነው፣ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ የነበሩት ማይክ ዋልትዝ የአትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅን ጄፍሪ ጎልድበርግን ቡድኑ ውስጥ አስገብተዋል። እኔን የከነከነኝ ግን ቡድኑ መኖሩ ራሱ ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2025 ኤፍ-18 ጄቶች የመንን ለመደብደብ የሚነሡበትን ሰዓት፣ ቦምቡ የሚወድቅበትን ጭምር፣ አስቀድመው እዚያ ጻፉ።

ሲግናል መልእክትን አመስጥሮ እንደሚልክ አውቃለሁ። ስልኩ ራሱ ከተጠለፈ ግን ምስጠራው አያድንም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መልእክቶቹ አንዳንዶቹ በ1 ሳምንት፣ ሌሎቹ በ4 ሳምንት እንዲጠፉ መደረጋቸው ነው። የአሜሪካ ሕግ የመንግሥት ሥራ ጽሑፍ ተጠብቆ እንዲቀመጥ ያዛል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚያው ዘመቻ ኤፕሪል 28 ቀን በየመኗ ሰዓዳ ውስጥ የስደተኞች ማቆያ ተመትቶ፣ አካባቢውን የያዙት የሁቲ ታጣቂዎች እንዳስታወቁት 68 አፍሪካውያን ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሳዑዲ ለመግባት የተነሡ የእኛው ልጆች ናቸው። ያ ድብደባ በስልክ ቡድን ተወሰነ አልልም። እናቶቻቸው ግን «ማን አዘዘ? ምን አውቆ?» ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው። ስለዚህ እዚህ ድምፅ የምንሰጥ ኢትዮጵያውያን፣ የሰዓዳው ትእዛዝና መልእክቶቹ በሙሉ ተጠብቀው እንዲመረመሩ ለየምክር ቤት አባሎቻችን በዚህ ሳምንት እንጻፍ።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ