ችግኝ አትግዢ፣ ዘር ልኬልሻለሁ

ሐዋሳ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንዴት ነሽልኝ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? በጣም ተጠፋፋን እኮ። ናፍቀሽኛል፣ ሌላ ምን እላለሁ። ሰሞኑን ከአዳማ የመጣችው ወዳጃችን ስላንቺ ስታወራልኝ አመሸች። ቤቱ ደስ እንደሚል፣ ግቢው ግን ገና ባዶ እንደሆነ ነገረችኝ። የአበባ ችግኝ ዋጋ ጠይቀሽ እንደተውሽውም ሰማሁ። እኔም ደብዳቤውን የጀመርኩት ለዚሁ ነው። ችግኙን ተይው፣ ዘር ዝሪ።

ጽጌረዳና ቡገንቪላ ቆንጆ ናቸው፣ አልጠላም። ግን ቦታቸውን እስኪሞሉ ጊዜ ይፈልጋሉ። በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበው፣ ዘር ጥለው የሚያልፉት አበቦች ግን በሁለት ወር ገደማ የአጥርሽን ሥር ይለውጡታል። አደይ አበባን አስቢያት። ማን ዘራት? ማን ኮተኮታት? በጋውን ዘሯ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ በክረምት ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ታብባለች፣ ዘሯን ጥላ ትሄዳለች። እኔ የምልሽም እንደ እሷ ያሉትን ነው።

ለመጀመር ሩቅ አትሂጂ። ገበያ ውጪና ከቅመምና ከእህል ተራ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላልና ኑግ ከየአይነቱ ትንሽ ትንሽ ግዢ። ያልታመሰ መሆኑን ብቻ ጠይቂ፣ የታመሰ አይበቅልም። እነዚህን ሁሌም ድስትና ሙቀጫ ውስጥ ስለምናያቸው አበባቸውን ረስተነዋል። ተልባ ስስ ሰማያዊ አበባ አለው። ጠዋት ይፈካል፣ እኩለ ቀን ገደማ ይረግፋል፣ በማግስቱ ሌላው ይተካል። ከሰዓት የመጣ እንግዳ ምንም አያይም፣ ስለዚህ ጠዋት ቡናሽን ይዘሽ ውጪ። ድንብላል ነጭ ሆኖ ንብ ይጠራል። ኑግ የራሳችን የኢትዮጵያ ተክል ነው፣ ቢጫው ከሩቅ ይታያል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጥቁር አዝሙድን ነው። ቅጠሉ ክር ክር ይላል። አበባው ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ጎንበስ ብለሽ ካላየሽው ውበቱ አይገባሽም። አበባው ሲያልፍ ፍሬው ይነፋል፣ ሲደርቅ ብትነቀንቂው ውስጡ ያለው ዘር ይንኳኳል። ለውበት ብቻ የሚዘራ ደማቅ ሰማያዊ ዘመድም አለው። እንግሊዞች ግቢያቸው ውስጥ በብዛት ይዘሩታል። ሁለቱም ሲነቀሉና ሲዛወሩ አይወዱም፣ እዚያው የሚያብቡበት ቦታ ላይ ነው የሚዘሩት።

ውጭ አገር ለአትክልተኞች የተጻፈ ምክር ስታነቢ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እዚያ ብርድ የሚችለው አበባ ይመሰገናል፣ ምክንያቱም ጠላታቸው ውርጭ ነው። አዳማ ላይ የምንፈራው ሙቀትና ድርቅ ነው። ስለዚህ እንደ ካሌንዱላ ያለውን ብርድ ወዳድ አሁን በክረምቱ መውጫ ዝሪውና ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ኅዳርና ታኅሣሥ ያብብልሽ። ኮስሞስ፣ ዚኒያና ሜሪጎልድ ግን ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፣ ፀሐይሽን ይችሉታል።

እኛ ጋ ሐዋሳ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ሊቆይ ይችላል፣ እናንተ ጋ ቶሎ ይወጣል። አትዘግዪ። ነፋሳችሁም ቀላል አይደለም፣ በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ተርባይኖች እዚያ የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። የሱፍ አበባ ከዘራሽ አጥር ጥግ አድርጊው፣ ሲረዝም በእንጨት ደግፊው።

አዘራሩ እንዲህ ነው። አፈሩን ቆፍረሽ አለስልሺ፣ ጓሉን ሰባብሪ፣ ድንጋዩን ልቀሚ። ፍግ አታብዢ። ኮስሞስ በጠገበ መሬት ላይ ቅጠል በቅጠል ይሆናል እንጂ ብዙ አያብብም። ዘሩን ከመበተን በመስመር ዝሪው፤ ቡቃያው ሲወጣ አበባው በመስመር ይቆማል፣ ከመስመር ውጪ ያለው አረም ነው። ለደቃቅ ዘር ግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር ይበቃል፣ የሱፍ አበባ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። በባልዲ አታጠጪ፣ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስተሽ በእሱ አርከፍክፊ። የጎረቤት ዶሮ ካለ እሾህ ጣል አድርጊበት።

አሁን ደግሞ ልብ የሚጠይቀው ነገር። ሁሉም ይበቅልና ተጨናንቆ ይቆማል። ያኔ ማሳሳት አለብሽ። ታዝኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። ግን ተጨናንቆ ያደገ ተክል ቀጥኖ ይወድቃል፣ ሁለት አበባ ሰጥቶ ያበቃል። ለዚኒያና ለሜሪጎልድ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ተይላቸው፣ ተልባ 5 ይበቃዋል። አትንቀዪ፣ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። ከአፈሩ ላይ በመቀስ ቁረጪው።

ማበብ ሲጀምሩ የጠወለገውን ቶሎ ቶሎ ቁረጪ። የእነዚህ ተክሎች ሐሳብ ዘር መስጠት ነው። ዘሩን ከጨረሱ ሥራቸው አለቀ፣ ይደርቃሉ። ስትቆርጪባቸው ግን እንደገና ያብባሉ። መጨረሻ ላይ የሚያምሩትን ጥቂቶቹን ሳትነኪ ተዪና ዘራቸውን በወረቀት ያዢ። ፌስታል ውስጥ አታድርጊው፣ ይሻግታል።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው ወዳጃችን ሁለት ፖስታ ትሰጥሻለች። እንደ ጥቁር መርፌ ያለው ኮስሞስ ነው፣ ሌላው ዚኒያ። ሁለቱም ከገዛ ግቢዬ የተለቀሙ ናቸው። ተልባውንና ጥቁር አዝሙዱን ከዚያው ከአዳማ ገበያ ታገኛለሽ።

ቡቃያው ብቅ ሲል ፎቶ ላኪልኝ። አረም ይሁን አበባ ያልለየሽውን ሳታሳዪኝ እንዳትነቅዪ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። እናትሽን ሳሚልኝ።

የሁልጊዜ ወዳጅሽ፣
ከሐዋሳ