«አትንካ!» ይቅርብን

ውድ አዘጋጅ፣ ልጆቻችን ፈጣሪ እንዲሆኑ እንመኛለን፤ ሬዲዮ ሲፈታቱ ግን ከአፋችን የሚወጣው «አትንካ!» ነው። እስቲ የሐረሯን ቤተልሔም ደሴን አስቡ። 9 ዓመት ሲሞላት ለልደቷ ብር ብትጠይቅ አባቷ አልሰጣትም፤ እሷም በእሱው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዲዮ እያቀናበረች፣ ለደንበኞች ሞባይል ላይ ሙዚቃ እየጫነች ብሩን ራሷ ሠርታ አገኘችው። ዛሬ ለልጆች ኮዲንግ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ) በማስተማር ትታወቃለች። እኔን ደስ የሚለኝ የአባትየው ነገር ነው። ብሩን ባይሰጣትም ኮምፒውተሩን አልቆለፈባትም!

ሱቅ የሌለንስ? ቤታችን አሮጌ ሬዲዮ ካለ፣ ባትሪውን አውጥተን ከካቻቢቴ ጋር እንስጣቸው። መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ቶሎ ብለን እጃችንን አናስገባ። የቤት ሥራቸውንም እኛ እየሠራን ዐሥር ከዐሥር ቢያመጡ ምን ይጠቅማቸዋል? እባካችሁ፣ ራሳቸው ይሞክሩት፤ ስድስትም ይበቃል።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ