ለዶክተራችንና አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ

ታናሽ ወንድሜ የመጨረሻውን ኬሞ ጨርሶ ቤት ገብቷል። እግሩም አልተቆረጠም! ለደወላችሁልን ሁሉ በየተራ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፍላችሁ።

ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ያመው ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብስበታል። ያየው ሁሉ የኳስ ምት ነው አለ። ወጌሻ አሸው፣ እብጠቱ ጨመረ። አንድ ክሊኒክ የዕድገት ሕመም ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰው። በመጨረሻ ራጅ ሲነሳ ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ጥቁር አንበሳ ተላከ፣ ኦስቲዮሳርኮማ የሚባል የአጥንት ካንሰር ተገኘበት።

ዶክተር፣ እርስዎን ያገኘነው ያኔ ነው። እኛ ናሙናው ቶሎ ይወሰድ እንጂ የትም ይሁን ብለን ስንጣደፍ፣ “ቆዩ፣ ናሙናውን የምወስደው ራሴ ነኝ” አሉን። እስክሪብቶ አንስተው የጭኑን አጥንት ሳሉልን፤ መርፌዋ የምትገባበትን፣ አጥንቱ የሚቆረጥበትን ሁሉ። መርፌዋ ባለፈችበት መስመር የካንሰር ሕዋስ ሊቀር ስለሚችል መስመሩ በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ መውጣት አለበት፣ ያለቦታዋ ከገባች ግን እግሩን ልታስቆርጠው ትችላለች። ይህን ያን ቀን ባይነግሩን ከየት እናውቀው ነበር?

እማዬ “ወጌሻ ጋ ስለወሰድኩት ነው?” ብላ ስታለቅስም አልተቆጧትም። “ካንሰሩን እርስዎ አላመጡትም እናቴ፤ ከአሁን በኋላ ግን ማንም እንዳያሸው” አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

መጀመሪያ ኬሞ ወሰደ። ከዚያ የጭኑ አጥንት የታችኛው ክፍል ከነጉልበቱ ወጥቶ በብረት ተተካ፣ ከዚያ እንደገና ኬሞ። ወንድሜ ብረት እንዴት አጥንት ይሆናል ብሎ ሲጨቀጭቅዎት፣ ዳሌና ጉልበታቸው ያለቀ አዛውንቶች ወረፋ እየጠበቁዎት እንኳ ቁጭ ብለው አስረዱት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከተተከሉት የመጀመሪያዎቹ የብረት ዳሌዎች አንዱ የአጥንት ዕጢ ለነበረበት ሰው የተሠራ መሆኑን ሲነግሩት ልጁ ፊቱ በራ። አሁን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያወራው።

የኬሞ ክፍል ነርሶች፣ ሲያስመልሰው ሌሊቱን አብራችሁት ላደራችሁት ቃል የለኝም። ፊዚዮቴራፒስታችን፣ እያለቀሰም ጉልበቱን እንዲያጥፍ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ዛሬ በአንድ ክራንች ደረጃ ይወጣል። ደም የሰጣችሁ የሰፈር ልጆች፣ ለመድኃኒቱ ያዋጣችሁ የእድራችን አባላት፣ ደብተር እየቀዳችሁ ቤት ድረስ ያመጣችሁ የክፍል ጓደኞቹ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ክትትሉ ገና ይቀጥላል። ይህ ካንሰር ወደ ሳንባ መሄድ ስለሚወድ ደረቱን በየጊዜው በሲቲ ስካን ያዩታል፤ ጸሎታችሁ አይለየን።

ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ።