በዓል መጣ ብላችሁ መርፌውን አትዝለሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዓል ሲቃረብ የጤና አምዳችሁ ላይ «በልክ እንብላ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን አንድ ዓይነት አንባቢ ረስታችኋል። የክብደት መቀነሻ መርፌ የምንወስድ ሰዎች ጭንቀታችን ሌላ ነው። እኛ ብዙ እንበላለን ብለን አይደለም የምንፈራው። ገበታው ፊት ተቀምጠን፣ ሦስት አራቴ እንደጎረስን ሆዳችን «በቃኝ» ሲል፣ ጋባዣችንን ሳናስቀይም በምን እንደምናመልጥ ነው ጭንቁ።

ባለፈው ዓመት የሠራሁትን ጅል ሥራ ልንገራችሁ። የምወስደው ሴማግሉታይድ ነው፣ በሳምንት አንዴ። መርፌው የሚውለው ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። አንዷ ጓደኛዬ «ምን አለበት ብትዘይው? አንድ ሳምንት እንኳ እንደ ሰው ብዪ እንጂ» አለችኝ። እንደ ሰው ያለቻት ነገር ልቤ ውስጥ ገባች። ዘለልኩት። በዚያ ላይ ለምሳው ቦታ ይኑረኝ ብዬ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ዋልኩ። ከዚያ ተርቤ ተቀመጥኩና ቅባት የበዛበትን፣ በዘይት የተጠበሰውን፣ ጣፋጩን፣ በላዩም ሁለት ብርጭቆ መጠጥ፣ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። ሌሊቱን ሽንት ቤት ተደፍቼ አነጋሁ።

በኋላ ሐኪሜ ሲያስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ሴማግሉታይድ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ ለመውጣት ብቻ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እኔ መርፌ ከተወጋሁ ገና ዘጠነኛ ቀኔ ነበር፣ ስለዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መድኃኒት ውስጤ ቁጭ ብሎ ሥራውን እየሠራ ነው። መድኃኒቱ የሚያስመስለው ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ነው። ለአንጎል «ጠግቧል» ይላል፣ ጨጓራም ምግቡን ወደ አንጀት የሚለቅበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ቅባት ደግሞ በራሱም ጨጓራ ውስጥ የሚቆይ ነገር ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን እኔ አይቼዋለሁ። መርፌውን በመዝለሌ ያተረፍኩት ምንም የለም።

ረስቶ ላለፈው ሰው ግን ደንብ አለው። ዌጎቪ በሚባለው የሴማግሉታይድ መርፌ መመሪያ፣ ቀጣዩ መርፌ ሊደርስ ከ2 ቀን በላይ ከቀረ ያለፈውን እንዳስታወሱ መውሰድ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ትቶት በተለመደው ቀን መቀጠል። ሁለቱን ደርቦ መውጋት የለም! ሁለትና ከዚያ በላይ ያለፈው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ካቆመበት ከሚጀምር ሐኪሙን ይጠይቅ። የመርፌውን ቀን ማዛወርም ይቻላል፣ ለዌጎቪ በሁለቱ መሀል ቢያንስ 2 ቀን፣ ቲርዜፓታይድ ለሚባለው ሌላው የሳምንት መርፌ 3 ቀን ይኑር እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዌጎቪ የሚጀመረው በሳምንት በ0.25 ሚሊግራም ሆኖ በየ4 ሳምንቱ ከፍ እየተደረገ ብዙውን ጊዜ እስከ 2.4 ይደርሳል። ማቅለሽለሹ የሚበረታው ደግሞ መጠኑ በሚጨምርበት ሰሞን ነው። የኔ ጭማሪ በቀጣዩ በዓል ሳምንት ሊውል መሆኑን ሳይ አስቀድሜ ለሐኪሜ ነገርኩት፣ እሱም በዓሉ እስኪያልፍ አቆየልኝ። አንድ ስልክ ነው የፈጀብኝ።

ያን በዓል በሰላም ዋልኩ። ጠዋት ትንሽ ቀመስኩ። ገበታው ላይ ትንሽ ሳህን አንስቼ ፕሮቲን ካለው ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ቦታው ጥቂት ከሆነ ጡንቻ የሚያቆየው ቢቀድም ይሻላል። ቀስ ብዬ አኘክሁ። የመጀመሪያዋ የመጥገብ ስሜት ስትመጣ ሹካዬን አስቀመጥኩ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» የምትለዋ ናት ሰው የምትገድል። ውኃ በየመሀሉ ፉት ፉት እያልኩ፣ መጠጡን ግን ነካ አድርጌ ተውኩት። እንደበላሁም አልተኛሁም። በነገራችን ላይ ስኳር ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር በሽታ ክኒኖችን አብሮ የሚወስድ ሰው ሳይበላ አልኮል እንዳይጠጣ፣ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ሆድን ሰቅዞ ይዞ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ አልለቅ የሚል ሕመም ከመጣ ደግሞ «በልቼ ነው» ብሎ መተኛት የለም። የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ። ሳህኔን ያየችው አክስቴ «ምነው ልጄ፣ አልጣመሽም? በሞቴ ትንሽ ጨምሪ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ስለ መርፌዬ ለሁሉም ማውራት አልፈልግም። ከዚህ በፊት አንዱ ዘመድ «በአቋራጭ ነው የቀነስሽው ማለት ነው» ብሎኝ ያውቃል፣ እሱ መጠጡን እየቀዳ። አቋራጭ? እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የሴማግሉታይድ ጥናት ላይ ሰዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 ከመቶ ገደማ ክብደት የቀነሱት ምግባቸውን እያስተካከሉና እየተንቀሳቀሱ ነው፣ ከ100ው 44ቱ ማቅለሽለሽ ነበረባቸው። እስቲ እንዲህ ያለ አቋራጭ ማን ይመኛል?

ለአክስቴ ግን ያን ሁሉ አላወራሁም። «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሆዴ አይችልልኝም። አንቺ የሠራሽው ሆኖ ግን ትቼ አልሄድም፣ ቋጥሪልኝ» አልኳት። ፊቷ በራ። እኔም ከሳህኔ ነፃ ወጣሁ፣ እሷም ምግቧን አልናቅኩባትም።

እናንተን የምጠይቀው ይቺን ነው። በሚቀጥለው የበዓል እትማችሁ ለበላተኛው ብቻ ሳይሆን ለጋባዡም ሁለት መስመር ጻፉልን። እንግዳው «በቃኝ» ካለ በቃው፣ ለምን ብሎ በሰው ፊት መጠየቅም አያስፈልግም። መርፌ ስለ መዝለሉም ሐኪም አነጋግራችሁ ብትጽፉበት ደስ ይለኛል፣ ጓደኛዬ ምክሯን ለሌላ ሰው ሳትሰጥ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የዘወትር አንባቢያችሁ