ከፊትም ከኋላም ሞላ ስላላቸው የ1990ዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያላቸውን የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተራራ ብስክሌቶች ከሰው እጅ በርካሽ ገዝታችሁ ለጥገና ታመጡልናላችሁ። ዋጋ ከመንገራችን በፊት ብስክሌቱን ፈትተን ለማየት ጊዜ መጠየቃችን አንዳንዶቻችሁን ቅር እንዳሰኘ ተረድተናል። በመልክ ከሚመሳሰሉ ሁለት ብስክሌቶች አንዱን ተቀብለን ሌላውን የምንመልስበት ጊዜም ስላለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደናል።

በ1990 በዚሁ በኮሎራዶ፣ በዱራንጎ ከተማ በተካሄደው የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ሄርቦልድ የቁልቁለቱን፣ ኔድ ኦቨረንድ ደግሞ የአገር አቋራጩን ውድድር ያሸነፉት ሮክሾክስ የተባለውን ባለ ሞላ የፊት ሹካ (የፊቱን ጎማ የሚይዘውን ክፍል) ገጥመው ነበር። ሹካው የሚወርደው ወደ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የፊት ሞላ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ እየከሰመ ሄደ። የኋላው ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ አከራክሯል። ሥራውን ከጀመሩት መካከል እንደ መርት ላውዊልና ሆርስት ላይትነር ያሉ ከሞተር ሳይክል ውድድር የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ይሁንና የሞተር ጉልበት ሳይቆራረጥ ሲመጣ የሰው እግር ጉልበት በእያንዳንዱ ርግጫ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የሞተር ሳይክሉን ዕውቀት እንዳለ ወደ ብስክሌት ማዛወር አልተቻለም።

ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው የኋላውን ጎማ የተሸከመው ክንድ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ማጠፊያ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ማጠፊያው ካቴናው ከሚጎትትበት መስመር በታች ሲሆን፣ ነጂው በረገጠ ቁጥር ሞላው ይወርድና ጉልበቱ በመወዛወዝ ይባክናል። በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ካቴናው ተወጥሮ ፔዳሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ዳገት ላይ ይህ እግርን ክፉኛ ያደክማል። የብስክሌት አምራቹ ትሬክ በዐሥርት ዓመቱ አጋማሽ ባወጣቸው የዋይ ቅርጽ ባላቸው ብስክሌቶቹ ፔዳሉን ራሱን ከኋላው ክንድ ጋር አንድ አድርጎ በመሥራቱ፣ በፔዳሉና በኋላው አክስል መካከል ያለው ርቀት ፈጽሞ የማይለወጥ ሆነና የካቴናው ችግር ጠፋ። ነገር ግን ነጂው ከኮርቻው ተነስቶ ሲቆም ክብደቱ በቀጥታ ክንዱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሞላው እጅግ በሚያስፈልግበት በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ይደነድናል። ስለዚህ እነዚህን ብስክሌቶች ቁጭ ብሎ በለስላሳ መንገድ ለሚነዳ ሰው በደስታ እንጠግናለን፤ ወደ ተራራው ይዞ ለሚወጣ ግን አንመክርም።

በእኛ እምነት የዚያ ዘመን ምርጡ መፍትሔ የላይትነር ነው። እርሱ ተጨማሪ ማጠፊያ ከኋላው አክስል ፊት ለፊት ዝቅ አድርጎ በታችኛው ክንድ ላይ በማስገባት፣ ጎማው ከዋናው ማጠፊያ በሚነሣ አንድ ክብ መስመር ላይ ብቻ እንዳይሄድ አደረገ፤ ፍሬኑም በላይኛው ዘንግ ላይ ስለሚታሰር ሲያዝ ሞላውን ብዙም አያደነድነውም። ስፔሻላይዝድ የተባለው የብስክሌት አምራች ይህን አሠራር ኤፍኤስአር በሚል ስም ያወጣ ሲሆን፣ በ1998 የፈጠራ መብቱን ገዛው። ሌሎች አምራቾች ክፍያውን ለማስቀረት ማጠፊያውን ከአክስሉ በላይ አደረጉት። ፎቶግራፍ ላይ ልዩነቱ የጣት ስፋት ያህል ቢመስልም፣ ጎማው ያን ጊዜ ተመልሶ በአንድ ማጠፊያ ዙሪያ ብቻ ይዞራል፤ እኛም አጎንብሰን መጀመሪያ የምናየው ይህንኑ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የእርጅና ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሹካዎችና አንዳንድ የኋላ ሾኮች (የኋላውን ንዝረት የሚያለዝቡ ክፍሎች) በብረት ሞላ ፋንታ ኢላስቶመር የሚባል ላስቲክ ነበራቸው፤ ይህ ላስቲክ በብርድ ይደነድናል፣ በዕድሜ ብዛት ደግሞ ሹካውን ስንፈታው በጣት መካከል ቢጫ ፍርፋሪ ሆኖ ይወርዳል። የጣሊያኑ ማርዞኪ በ1997 ቦምበር በተባለው ሹካው የብረት ሞላን ከዘይት ጋር አድርጎ ሲያወጣ የላስቲኩ ዘመን ማብቃት ጀመረ። የኋላውን ጎማ ይዘን ወደ ጎን ስንገፋው ማጠፊያው ጋ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ቡሺንጉ ወይም ኩሽኔታው አልቋል፤ እርሱ ይለወጣል። በማጠፊያው ብየዳ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየን ግን ብስክሌቱን አንቀበልም፤ የተሰነጠቀ አልሙኒየም ቁልቁለት ላይ ቢከዳ የሚጎዳው ሰው ነውና በዚህ አንደራደርም።

ብስክሌታችሁን ከማምጣታችሁ በፊት የኋላውን ሾክ ከብሎን እስከ ብሎን ለክታችሁ፣ ለምሳሌ 165 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ልኩን በስልክ ብትነግሩን ተተኪ መኖሩን አስቀድመን እናጣራለን። ምርመራው ነፃ ነው፤ ያገኘነውንም ጉድለት በዓይናችሁ አሳይተን ዋጋውን ከተስማማን በኋላ ብቻ ሥራ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች