ጥርስ የሚወልቀው ዕድሜ ስለገፋ አይደለም

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር የቅሬያችን (የዕድራችን) ስብሰባ ሲያበቃ፣ እንደተለመደው ቡናው እስኪፈላ ድረስ የገብስ ቆሎ በሳህን ዞረ። ከታደምነው አሥራ አራት ሰዎች አብዛኞቻችን ስድሳን የተሻገርን ነን። ሳህኑ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ሰው እንደዘገነ ልብ ብዬ ስቆጥር አምስት ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ የቀሩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ ለጎናቸው አሳለፉ። በወጣትነቱ የበግ አጥንት በመንጋጋው ይሰብር የነበረ አንድ ወዳጄ «ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ የጋራ ስምምነት ነው፤ የተስማማንበት ነገር ትክክል አይደለምና።

ጸጉር መሸበቱ የዕድሜ ሥራ ነው። ጥርስ ግን ዓመት ስለተቆጠረበት ብቻ ከድድ የሚለቅ አካል አይደለም። ጥርስን በዋናነት የሚያሳጡን ሁለት በሽታዎች ናቸው፦ አንደኛው ጥርሱን ራሱን የሚቦረቡረው፣ ሁለተኛው ደግሞ ድዱንና ጥርሱን አቅፎ የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ የሚጨርሰው ነው። ዕድሜ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ለሁለቱ በሽታዎች ጊዜ መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ውስጥ በሽታዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚያጠቁ ገልጿል፤ ስለዚህ የኛ ሰፈር ሳህን ብቻውን ሳይዘገንበት አልዞረም።

ሐኪም አይደለሁም። በደሴ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ የጥርስን ቅርጽ በየዓመቱ በጠመኔ እየሣልኩ፣ የጥርስ የላይኛው ሽፋን የሆነው ኢናሜል ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው መሆኑን እያስረዳሁ፣ የራሴን መንጋጋዎች አንድ በአንድ ያጣሁ ሰው ነኝ። በ38 ዓመቴ በታች በኩል ያለ አንድ መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ያመኝ ጀመር። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ አረቄ በጥጥ ነክሬ ያዝኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አድርጌበት ድዴን አቃጠልኩ፤ «ጥርስን ነክሶ መቻል» የምንለውን በታመመ ጥርስ ሞከርኩት። ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ በራሱ ሲጠፋ የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ዝም ያለው ግን የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ ነበር። ጉንጬ አብጦ ሐኪም ዘንድ ስደርስ ከመንቀል በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። የተነቀለውን ቦታ ባዶውን በመተዌ፣ ከበላዩ የነበረው መንጋጋ የሚገጥመው አጥቶ በዓመታት ውስጥ ወደ ታች ወረደ፤ የጎኑ ደግሞ ወደ ክፍተቱ ዘመመ፤ በዘመመው ሥር ምግብ እየተሰገሰገ እሱም በተራው ተቦረቦረ። ያ የመጀመሪያው ጉድጓድ ትንሽ ሳለ ቢሞላ ኖሮ ሦስቱም ዛሬ አፌ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በልጅነታችን «ጥርሱን ትል በላው» ሲባል እንሰማ ነበር፤ ትል የለም፤ ያለው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው፤ ስኳር ባገኘ ቁጥር በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ እያመረተ ኢናሜሉን የሚያሟሟው እሱ ነው።

የድድ በሽታ ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ አያምም። ሃምሳን እንዳለፍኩ ስቦርሽ ምራቄ ደም መቀላቀል ጀመረ። እኔም ብሩሹ ድዴን እንዳይጎዳው ብዬ በሚደማው በኩል መቦረሽ ተውኩ፤ ብዙ ሰው እንዲሁ እንደሚያደርግ በኋላ ተረድቻለሁ። በመጨረሻ ያየኝ ወጣት የጥርስ ሐኪም የነገረኝን አልረሳውም፦ «ጋሼ፣ ድድዎ የሚደማው ስለሚቦርሹት ሳይሆን ስለማይቦርሹት ነው።» በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚቀረው ለስላሳ ቆሻሻ በወቅቱ ካልተነሣ ደንድኖ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ከተጋገረ በኋላ ብሩሽም ሆነ መፋቂያ አይነቅለውም፤ በሐኪም መሣሪያ መጠረግ አለበት። ሐኪሙ ጥርሴን ካጠበልኝ በኋላ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዤ በየቀኑ የሚደማውን ቦታ ሳልሸሽ ብቦርሽ፣ ደሙ በሁለት ሳምንት ገደማ ቆመ። የሸሸው ድድ ግን አልተመለሰም፤ የጠፋው አጥንትም እንዲሁ።

መፋቂያን ለማጣጣል አልተነሣሁም። በሰኞ ገበያ ሆነ በፒያሳ አስፋልት ዳር የሚሸጠው የወይራ እንጨት የአባቶቻችን ብሩሽ ነው፤ ከቆላ የሚመጣው ሲዋክም በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ከሶላት በፊት መጠቀሙ የተወደደ ሥርዓት በመሆኑ፣ አፍን በቀን አምስት ጊዜ የማሰብ ልማድ ከብዙ ሕዝብ በፊት በወሎ ነበረ ማለት ይቻላል። ቅሬታዬ በአጠቃቀማችን ላይ ነው። አብዛኞቻችን መንገድ እየሄድን፣ ወሬ እያወራን፣ የፊቱን ጥርስ ብቻ፣ ያውም በአግድም እንፈገፍጋለን። የፊት ጥርስ ያበራል፤ በምላስ በኩል ያለው ገጽና የኋላ መንጋጋዎች ሳይነኩ ይቀራሉ፤ በኃይል በአግድም መፈግፈጉ ደግሞ ድዱን እያሸሸ የጥርሱን አንገት ይሸረሽረዋል። ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መጥረግ፣ ያለቀውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጦ መጣል ይገባል። በከሰል ዱቄት መፈግፈግ ግን ጥርስን የሚያነጣው ኢናሜሉን በመፋቅ ስለሆነ፣ ውሎ አድሮ ከሥሩ ያለውን ቢጫውን ክፍል ገልጦ ያሳያል።

እንጨት የማይሰጠው አንድ ነገር ፍሎራይድ ነው። አሲድ ያሳሳውን ኢናሜል መልሶ ለማጠንከር ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ያስፈልጋል፤ በማሸጊያው ላይ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) መጻፉን ማየት ነው። ወንጂ ያደገ አንድ ዘመዴ ጥርሱ ቡናማ በመሆኑ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ሲነሣ ይቆጣል። እውነት አለው፤ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ጥርሳቸው ገና በመንጋጋ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለ ሕፃናት ሲጠጡት ያበላሸዋል። ለአዋቂ ሰው ተቦርሾበት የሚተፋ ሳሙና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሕፃናትን በተመለከተ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ብቻ መቀባት ይበቃል። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን ደጋግሞ በውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳልና።

መቼ የሚለው ጥያቄ ከምንም በላይ ነው። እኛ አፋችንን ለጠዋት ሰው ነው የምናጸዳው፤ ለእንግዳ፣ ለቢሮ፣ ለመንገድ። ዋናው ግን የማታው ነው፤ ምክንያቱም ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፤ አሲዱን የሚያለዝበው ደግሞ ምራቅ ነው። እራት ተበልቶ፣ የመጨረሻው ሻይ ተጠጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀመስ ሁለት ደቂቃ መቦረሽ ከጠዋቱ ይበልጥ ይጠቅማል። በረመዳን ከሱሁር በኋላ ሳይቦርሹ ወደ መኝታ የሚመለሱ ወዳጆቼን ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ጾም ነው ብለው ከነጋ የማይቦርሹ ክርስቲያን ጎረቤቶቼም ማታውን ቢያጠብቁ ምክንያት ያጣሉ።

የደሴ ሰው ላለመቦረሽ ሌላም ምክንያት አለው፤ ብርዱ። በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧ ውሃ አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ መርፌ ይወጋል። ይህ የሚሆነው ድድ ሲሸሽ የሚጋለጠው የጥርስ ሥር ኢናሜል ስለሌለው ነው፤ ያው ሥር ከኢናሜሉ ይልቅ ለአሲድ ይሸነፋል፤ በሽማግሌዎች ላይ የሚታየው መቦርቦርም ብዙውን ጊዜ እዚያ፣ ከድዱ ጠርዝ ይጀምራል። ሕመሙን ፈርቶ መቦረሽ መተው በሽታውን ማገዝ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለውዱእ ወይም ለፊት መታጠቢያ ከሚሞቀው ውሃ አንድ ኩባያ ማስቀረት። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ የሚኖሩ ዘመዶቼ ይህ ችግር የለባቸውም፤ የነሱ ችግር በሙቀቱ ምክንያት ቀኑን ሙሉ የሚጎነጩት ለስላሳ መጠጥ፣ የጎረምሶቻቸው ደግሞ ቆርኪ በጥርስ መክፈት ነው።

ስኳርን በሚመለከት ስንት ማንኪያ የሚለውን ብቻ እንቆጥራለን፤ ስንት ጊዜ የሚለውን ግን አንቆጥርም። አሲዱ ከእያንዳንዱ ጣፋጭ ጉንጭ በኋላ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይሠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በስኳር ተጠጥቶ ቢያልቅ አፍ ያርፋል፤ በበርጫ ላይ ግን አንዷን ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ከአሥር ቦታ እየከፈሉ ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጎንጨት ጥርስን እስከ ማታ አሲድ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ጫቱ ራሱ አፍ ያደርቃል፤ ሁልጊዜ በአንድ ጉንጭ ሲያዝ ደግሞ በዚያ በኩል ያለውን ድድ ያሸሻል። ቡናን በጨው የሚጠጡት የገጠር ዘመዶቻችን ለጥርሳቸው የተሻለ መርጠዋል፤ ለደም ግፊታቸው ግን አልልም።

የአፍ መድረቅ ነገር ከተነሣ፣ በእኛ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ የደም ግፊት፣ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ። አፉ የደረቀበት ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይይዛል። በተጋለጠ ሥርና በደረቀ አፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ መምጠጥን የሚያህል ጉዳት የለም። ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ወይም ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ይሻላል፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም፤ ለሐኪም መንገር ነው። የስኳር በሽታ ያለብን ደግሞ ድዳችን በቀላሉ ይመረቅዛል፤ የመረቀዘ ድድም በፈንታው ስኳራችንን ከፍ ያደርገዋል።

እናቶቻችንን አልረሳም። የወሎ እናቶች በወጣትነታቸው የተነቀሱት ጥቁር ድድ ዛሬም ሲስቁ ያምራል፤ ነገር ግን ንቅሳቱ የድድን መቅላት ስለሚሸፍን፣ በሽታ ሲጀምር ዓይን አያየውም። ለነሱ ምልክቱ ደም፣ የአፍ ጠረን መለወጥና የጥርስ መነቃነቅ ነው። በማንም አፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ካለ ደግሞ፣ ባያምም እንኳ፣ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጋችሁ ማታ አውልቁት። ድዱ እንዲያርፍና ፈንገስ እንዳያበቅል ብቻ አይደለም፤ አድርገውት የሚተኙ አረጋውያን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው እንደሚጨምር ይታወቃል። በብሩሽና በቀላል ሳሙና ታጥቦ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ይደር፤ የፈላ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። ሙሉ በሙሉ ጥርስ የሌለው ሰውም ድዱንና ምላሱን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት አለበት።

ጥያቄዬ ለጤና ባለሙያዎቻችን ነው። ጡረተኛ ሁሉ ግፊቱንና ስኳሩን ለመለካት በየጊዜው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ክንዱ ላይ ጨርቅ ሲጠመጠም፣ ጣቱ ሲወጋ፣ «እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብሎ በባትሪ ማየት ሌላ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ የተነቃነቀ ወይም የተቦረቦረ ጥርስ ሲገኝ በወቅቱ ወደ ጥርስ ሐኪም መላክ ይቻላል። እኛም በበኩላችን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት የምንወስድ ከሆነ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አፋችንን ሞልተን እንናገር።

ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ፤ ለገጹ ካልበቃ ስለ ራሴ መንጋጋ የተረክሁትን መቁረጥ ትችላላችሁ። ሰው ሠራሽ ጥርስን ማታ ስለማውለቅ የጻፍኩትን ግን አደራ አትንኩት፤ ከቅሬያችን አባላት አራቱ አድርገውት እንደሚተኙ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ጋዜጣችሁንም የሚያነቡት እነሱ ናቸው። የሚቻል ከሆነም ፊደሉ ገፋ ያለ ይሁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ